የከተማ ፕላንና የጂአይኤስ ድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት ከጅማ ሆኖ ለመማር፦ ከአዌቱ ዳር እስከ መጨረሻው ፕሮጀክት

ጅማ ውስጥ በመሬት አስተዳደር፣ በፕላን ዝግጅት፣ በውሃና ፍሳሽ ወይም በግንባታ የሚሠሩ ወጣቶች ስለ ጂአይኤስ (የቦታ መረጃን በኮምፒውተር አከማችቶ በካርታ መተንተኛ ሥርዓት) ትምህርት ሲጠይቁኝ መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው። ለማንም አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት የምታውቁትን አንድ ሰፈር በእጃችሁ ካርታ አድርጉት። ይህን የምለው በሦስት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ሰዓታት ሙሉ ተቀምጦ መስመር መከተልና ስህተት መፈለግ የምትወዱት ሥራ መሆኑን ራሳችሁ ታውቃላችሁ። ሁለተኛ፣ ማመልከቻ ስትጽፉ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል። ሦስተኛ፣ ያ ካርታ ትምህርቱ ሲያልቅ ለሚጠየቀው ፕሮጀክት መነሻ ይሆናል። ብዙ ሰው ግን ይህን ገልብጦ ይሠራዋል፤ መጀመሪያ ይመዘገባል፣ በመጨረሻው ሴሚስተር ደግሞ ርዕስ ፍለጋ ይንከራተታል።

ሰርተፊኬቱ ምን እንደሆነ ለይታችሁ እወቁ

የድኅረ ምረቃ ሰርተፊኬት የመጀመሪያ ዲግሪ ላለው ሰው የሚሰጥ አጭር ትምህርት ነው፤ ማስተርስ አይደለም። በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ክሬዲት፣ ማለትም ከአራት እስከ ስድስት ኮርስ ይይዛል። በእንግሊዝ 60 ክሬዲት ሲሆን የአንድ ማስተርስ 180 ክሬዲት ሲሦ ነው። በአውስትራሊያ ሙሉ ጊዜ ለሚማር ሰው አንድ ሴሚስተር ይፈጃል። ሥራ እየሠሩ በርቀት ለሚማሩ ግን ከአንድ እስከ ሁለት ዓመት መያዙ የተለመደ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያዝንበት ጉዳይ አለ። ሰርተፊኬቱ ዲግሪ ስላልሆነ በመሥሪያ ቤታችሁ የደረጃ ዕድገት ወይም የደመወዝ ጭማሪ ላያመጣ ይችላል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤታችሁን የሰው ሀብት ክፍል አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የሚቻል ከሆነም መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። የምትፈልጉት ዕድገቱን ብቻ ከሆነ በቀጥታ ማስተርስ ማመልከቱ ይሻላል። የጎደላችሁ ሙያው ከሆነ፣ ለምሳሌ የዲዛይን ሶፍትዌር እያወቃችሁ የቦታ መረጃ መተንተን ካልቻላችሁ፣ ሰርተፊኬቱ በልካችሁ ነው።

የመጀመሪያው ካርታ፦ የአዌቱ ዳር

አዌቱ ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ በመሆኑ ለመጀመሪያ ሥራ ከእርሱ የተሻለ ቦታ አላገኘሁም። በእግር ይደረሳል፤ ቤት፣ ድልድይ፣ ገበያ፣ አትክልትና ቆሻሻ ሁሉም በዳርቻው አሉ። ቦዬ ረግረግ አጠገብ የሚኖር ሰው ቦዬን መምረጥ ይችላል፤ አሠራሩ ያው ነው።

የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ብቻ ይሁን። «ከወንዙ ዳር በ15፣ በ30 እና በ50 ሜትር ውስጥ ስንት ቤት አለ?» የሚለው ለጀማሪ ይበቃል። ቀላል ቢመስልም የፕላን ሥራ ልቡ እዚህ ውስጥ ነው፤ 15 ሜትር ወይም 30 ሜትር ብሎ መወሰን የስንት ቤተሰብ ኑሮ እንደሚነካ በዓይናችሁ ታያላችሁና።

ኪውጂአይኤስ የሚባለውን የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ጫኑ። ነፃ ነው፤ ፈቃድም ሆነ የይለፍ ቁልፍ አይጠይቅም። አዲሱን ሳይሆን የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለውን ዕትም ምረጡ። የሚወርደው ፋይል ትልቅ ስለሆነ በሞባይል ዳታ ከመጀመር የሌሊት ጥቅል መጠቀም ወይም ካለው ሰው በፍላሽ መቅዳት ይሻላል። ላፕቶፓችሁ 8 ጊጋ ራም ካለው ያለ ችግር ይሠራል፤ 4 ጊጋም ቢሆን ለዚህ መጠን ይበቃል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

ቀጥሎ ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ነገር ይመጣል፤ እርሱም የመጋጠሚያ ሥርዓቱ፣ ማለትም ቦታ በቁጥር የሚገለጽበት መንገድ ነው። ጅማ ወደ 7.67 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስና 36.83 ዲግሪ ምሥራቅ ኬንትሮስ ላይ ትገኛለች። ሁለቱን ቁጥሮች ቦታ ካለዋወጣችኋቸው ነጥባችሁ አልጄሪያ ውስጥ፣ በሜዲትራኒያን ዳርቻ ያለችው የአናባ ከተማ አጠገብ ይወድቃል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ነጥብ ስታስገቡ ካርታውን አስፍታችሁ የትኛው አገር ላይ እንዳረፈ እዩ።

የፕሮጀክቱን ሥርዓት ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን፣ ደብሊውጂኤስ 84 አድርጉት፤ ኪውጂአይኤስ ውስጥ በቁጥር 32637 ብላችሁ ፈልጉት። ዞን 37 ከ36 ዲግሪ ምሥራቅ ስለሚጀምር ጅማ፣ አጋሮና በደሌ በውስጡ ናቸው፤ ሚዛን ተፈሪና መቱ ግን ወደ ዞን 36 ያልፋሉ። የአካባቢያችንን ምዕራብ የሚሸፍን ሥራ ሲሰጣችሁ ይህን አስታውሱ።

ዩቲኤም የሚያስፈልገው ርቀትን በሜትር ስለሚለካ ነው። መረጃችሁ በዲግሪ እንደተቀመጠ «የ30 ቀለበት (ከወንዙ እስከዚያ ርቀት ያለውን ክልል) አውጣልኝ» ብትሉት ሶፍትዌሩ 30 ዲግሪ ብሎ ይረዳዋል። ይህ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከአዌቱ የተነሣው ቀለበት ቀይ ባሕርን ይሻገራል።

ሌላው ወጥመድ አሮጌው ካርታ ነው። በ1፡50,000 የታተሙት የአገራችን የቶፖግራፊ ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ዳተም (መጋጠሚያዎች በሚለኩበት መነሻ) ነው። እኔ ራሴ በጀማሪነቴ ከእንዲህ ያለ ካርታ ላይ ያነበብኳቸውን ነጥቦች በስልክ ጂፒኤስ ከወሰድኳቸው ጋር ቀላቅዬ ነበር። ድልድዩ ከወንዙ ወጥቶ በረድፍ ቤቶች መሐል ተቀመጠ። ሁለት ቀን ሙሉ ጥፋቱን ከጂፒኤሱ ስፈልግ ቆየሁ፤ የሁለቱ ዳተም ልዩነት በእኛ አካባቢ 200 ሜትር ያህል መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። የወረቀት ካርታ ስታስገቡ ከኅዳጉ ላይ የዳተሙን ስም አንብቡ። አዲንዳን ዩቲኤም 37 ሰሜን ከሆነ ቁጥሩ 20137 ነው፤ መጀመሪያ በእርሱ አስገቡት፣ ከዚያ ሶፍትዌሩ ወደ 32637 እንዲለውጠው እዘዙት። በእጅ ጎትቶ ማስተካከል አያዋጣም።

አሁን መሣል ትጀምራላችሁ። ኦፕን ስትሪት ማፕን ከኪውጂአይኤሱ የጎን ዝርዝር ውስጥ ከፍታችሁ ከሥር አንጥፉት። አዲስ የመስመር ሌየር (ካርታው ላይ የሚደረብ ንጣፍ) ጂኦፓኬጅ በሚባለው የፋይል ዓይነት ፍጠሩና አዌቱን ከላይ ወደ ታች፣ ውሃው በሚፈስበት አቅጣጫ ተከተሉት። ለመጀመሪያ ሥራ ሁለት ኪሎ ሜትር ይበቃል። ከዚያ የቀለበት ማውጫውን ሦስት ጊዜ አሠሩት፤ 15፣ 30፣ 50። ቤቶቹን በእጅ መሣል ትችላላችሁ፤ ወይም አፍሪካን የሚሸፍነውን የጎግል ኦፕን ቢልዲንግስ መረጃ አውርዳችሁ ተጠቀሙ። በመጨረሻ «በቦታ ምረጥ» በሚለው መሣሪያ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ ያሉትን ቤቶች አስቆጥሩ።

የሳተላይት ምስል ከጨመራችሁ ሁለት ነገር ልብ በሉ። የመጀመሪያው ወቅት ነው። የጅማ ዝናብ ረጅም ስለሆነ ከሰኔ እስከ መስከረም የሚነሳው ምስል አብዛኛውን ጊዜ ደመና ነው፤ የታኅሣሥና የጥር ምስል ፈልጉ። ሁለተኛው መጠን ነው። የሴንቲኔል 2 ሳተላይት ጥሩው ምስል አንድ ነጥቡ 10 በ10 ሜትር፣ ማለትም 100 ካሬ ነው። የ200 ካሬ ግቢ ሁለት ነጥብ ብቻ ይሆናል፤ ስለዚህ በእርሱ ቤት አትቆጥሩ። ከተማው ወዴት እንደሰፋ ለማየት ግን እጅግ ጥሩ ነው። ላንድሳት የሚባለው ሳተላይት ነጥቡ 30 ሜትር ቢሆንም ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለው ምስል በነፃ ስለሚገኝ የአንድ ትውልድ ለውጥ ያሳያችኋል።

የእኛ ከተማ አንድ የራሱ ጠባይም አለው። ግቢዎቻችን አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ቡናና የጥላ ዛፍ የበዛባቸው ናቸው። ከላይ ሲታይ ጫካ የሚመስለው ሰፈር ከሥሩ ቤት ሞልቶበታል። የኮምፒውተር ምደባ እንዲህ ያለውን ቦታ «አረንጓዴ» ብሎ ያልፈዋል። ይህን የሚያርመው እግራችሁ ብቻ ነው።

ወንዙ ዳር ውረዱ

ኪውፊልድ የሚባለውን መተግበሪያ ስልካችሁ ላይ ጫኑ፤ በኪውጂአይኤስ የሠራችሁትን ካርታ ይዞ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የስልክ ጂፒኤስ ክፍት ሰማይ ሥር ወደ አምስት ሜትር ያህል ይሳሳታል፤ ዛፍ ሥርና በቆርቆሮ ጣሪያዎች መካከል ከዚያም ይብሳል። ስለዚህ 15 ሜትር መስመር ላይ የሚዋልል ቤት ስታገኙ በጂፒኤስ አትፍረዱ፤ በሜትር ለኩት።

ከመውረዳችሁ በፊት ወደ ቀበሌው ሄዳችሁ የምትሠሩትን ንገሩ፤ ደብዳቤ ካገኛችሁ ያዙ። ስልክ ይዞ ቤት ለቤት የሚዞርና ነጥብ የሚመዘግብ ሰው ሲታይ ነዋሪው መጀመሪያ የሚያስበው ማፍረስን ነው። ይህ ፍርሃት ምክንያት አለውና አትናቁት። ለምን እንደመጣችሁ፣ ካርታው ለትምህርት መሆኑን፣ የማንም ስም እንደማይጻፍበት አስረዱ። ቃላችሁንም ጠብቁ፤ የእያንዳንዱን ቤት ነጥብ የሚያሳይ ካርታ በማኅበራዊ ሚዲያ አትለጥፉ። ድሮንን በተመለከተ ያለ ፈቃድ አታስነሡ።

አንድ ቀን የውሃ ልክ ስንፈልግ በራቸው ላይ ተቀምጠው ቡና የሚለቅሙ እናት አገኘን።

«እማማ፣ ወንዙ ሲሞላ እስከ የት ይደርሳል?»

«ግቡና እዩት ልጄ» አሉኝ። ከውስጥ በኩል የግድግዳውን ጭቃ አሳዩኝ። ከወለሉ ከፍ ብሎ፣ ከጉልበቴ በታች፣ ቀለሙ የተለየ አግድም መስመር አለ። «ከዚህ በላይ ወጥቶ አያውቅም። አልጋዬን በድንጋይ ያስነሣሁት ለዚህ ነው።»

ያ መስመር በየትኛውም ሳተላይት ላይ የለም። ቤቱ ከወንዙ ከ40 ሜትር በላይ ይርቃል፤ ከ30 ሜትር ቀለበታችን ውጭ ነበር። ከእርሱ ይልቅ ለወንዙ የቀረቡ፣ ግን ከፍ ያለ መሬት ላይ የተሠሩ ቤቶች ውሃ አይነካቸውም። አንድ ዓይነት ቀለበት ሁሉን ቤት በእኩል እንደማይመዝን የገባኝ እዚያ ግድግዳ ፊት ነው። ከዚያ በኋላ በካርታችን ላይ ከቀለበቶቹ ጎን «የውሃ ምልክት የታየበት» የሚል የነጥብ ሌየር ጨመርን፤ ለእያንዳንዱ ነጥብ ከወለል ያለውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር መዘገብን። እናንተም ይህን ሌየር ከመጀመሪያው አዘጋጁ።

ካርታውን ስታትሙ ኤ3 ወረቀትና 1፡5,000 መስፈርት ጥሩ ነው፤ አንድ ሴንቲ ሜትር 50 ሜትር ይሆናል፣ ሁለት ኪሎ ሜትሩም ወረቀቱ ላይ ይገባል። የሰሜን ምልክት፣ የመስፈርት መስመር፣ የምልክቶች መግለጫ፣ የመረጃው ምንጭና ቀን አይቅሩ። ቀኑ የተረሳ ካርታ ከዓመት በኋላ ማንም አያምነውም።

ትምህርት ቤቱን መምረጥ

አሁን በእጃችሁ ካርታ አለ። ካርታውን ስትሠሩ ያቃታችሁን ነገር በወረቀት ጻፉ፤ ትምህርቱን የምትመርጡበት መለኪያ ያ ነው። የጎርፍ ስሌት ካቃታችሁ የርቀት ዳሰሳ (መሬትን በሳተላይት ምስል ማጥናት) እና የከፍታ ሞዴል ኮርስ ያለውን ፈልጉ። ቁጥሩን አግኝታችሁ ምን እንደሚባልበት ካላወቃችሁ የመሬት አጠቃቀምና የፕላን ሕግ ላይ የሚያተኩረውን ፈልጉ። ስማቸው ተመሳሳይ የሆኑ ሁለት ሰርተፊኬቶች አንዱ ሙሉ በሙሉ ሶፍትዌር፣ ሌላው ሙሉ በሙሉ ፖሊሲ ሆኖ ይገኛል፤ ስለዚህ ከርዕሱ ይልቅ የኮርሶቹን ዝርዝር አንብቡ።

ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት በኢሜይል ጠይቁ። ክሬዲቱ ወደዚያው ትምህርት ቤት ማስተርስ ይዛወራል ወይ? ትምህርቱ በቀጥታ ሰዓት ነው ወይስ በተቀዳ? የሶፍትዌር ፈቃዱ በክፍያው ውስጥ አለ ወይ? አርክጂአይኤስ የሚባለው የሚከፈልበት ሶፍትዌር ውድ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ለተማሪ ፈቃድ ይሰጣሉ፣ ግን ትምህርቱ ሲያልቅ ፈቃዱም ያበቃል። እኔ የምመክረው የክፍል ሥራችሁን በተጠየቀው ሶፍትዌር እየሠራችሁ፣ ያንኑ በኪውጂአይኤስ መድገም ነው። ተመርቃችሁ ቢሮ ስትገቡ የሚጠብቃችሁ ነፃው ሊሆን ይችላል።

ከአገር ውስጥ ማስተርስን የምታስቡ ከሆነ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸርና የከተማ ልማት ትምህርት የሚሰጠውን ክፍል፣ የኢትዮጵያ ሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲን፣ እዚሁም የጅማ ዩኒቨርሲቲን የጂኦግራፊ ትምህርት ክፍል ጠይቁ። በውጭ ደግሞ ኔዘርላንድስ ኤንስኬዴ ያለው አይቲሲ የተባለ ተቋም ከ1950 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከታዳጊ አገሮች የሚመጡ የካርታ ባለሙያዎችን ሲያሠለጥን የኖረ ነው፤ አጫጭር ኮርሶችም አሉት።

የውጭ የፕላን ሕግ ኮርስ ስትወስዱ አንድ ነገር ሁልጊዜ በልባችሁ ያዙ። የአሜሪካ ዞኒንግ (የትኛው ቦታ ለምን እንደሚውል የሚወስን ደንብ) መሬት የግል ንብረት ነው ከሚል ይነሣል። በእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 ግን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ የከተማ ቦታ በሊዝ ይያዛል። ስለዚህ እዚያ የምትማሩት የካሣና የመብት ክርክር እዚህ እንዳለ አይሠራም። ከኮርሱ ጎን ለጎን የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000፣ የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721/2004 እና በሥራ ላይ ያለውን የከተማ መሬት ይዞታ ምዝገባ አዋጅ አንብቡ። መዋቅራዊ ፕላንና የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባሉት ቃላት ምን ማለት እንደሆኑ የምታገኙት እዚያ ነው። ከተሞቻችን ውስጥ ሲሠራበት የቆየውን 30፡30፡40 መመዘኛም (ለአረንጓዴ፣ ለመንገድ፣ ለሕንፃ) በራሳችሁ ሰፈር ካርታ ላይ ሞክሩት፤ ጥሩ የቤት ሥራ ይወጣዋል።

ወረቀቱ

ጎበዝ ተማሪ የሚወድቀው እዚህ ነው። ማመልከቻው ከሚዘጋበት ቀን አራት ወር ቀድማችሁ ጀምሩ።

በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው የወጪ መጋራት ዕዳ አለበት። ዕዳው ሳይጠናቀቅ ዋናውን ዲግሪና ይፋዊ ትራንስክሪፕት ማግኘት ያስቸግራል። ከደመወዝ ሲቆረጥባችሁ የነበረ ከሆነ ከመሥሪያ ቤታችሁ ፋይናንስ ማስረጃ ጠይቁ፤ ያንን ይዛችሁ ገቢዎች ዘንድ ቀሪውን አጣሩ። ይህ ብቻውን ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

ከዚያ ስም። በፓስፖርታችን የአያት ስም በቤተሰብ ስም ቦታ ይገባል፤ በዲግሪያችን ላይ ግን ስምና የአባት ስም ብቻ ሊሆን ይችላል፣ አጻጻፉም ሊለያይ ይችላል። «ጫላ» በአንዱ ወረቀት አንድ ዓይነት፣ በሌላው ሌላ ዓይነት ፊደል ይዞ ይመጣል። ማመልከቻውን ፓስፖርቱ ላይ እንዳለው ሙሉት፤ ልዩነቱን ደግሞ ከሪጅስትራር ወይም ከሕጋዊ አካል በተጻፈ አንድ ደብዳቤ አስረዱ። ደብዳቤው በየማመልከቻው ስለሚያስፈልግ ቀለም ቅጂውን አስቀምጡ።

የዘመን ቆጠራውም እንዲሁ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ድረስ ሰባት፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ስምንት ዓመት ትጨምራላችሁ። ወሩም ይንሸራተታል። ሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. የተመረቀ ሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ጁላይ 7 ቀን 2019 ነው የተመረቀው፤ ሰኔን በደምሳሳው ጁን ብሎ የሞላ ሰው ግን ከትራንስክሪፕቱ ጋር አይገጥምም። ትራንስክሪፕቱ ላይ ቀኑ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ ሪጅስትራሩን ጠይቃችሁ ያንኑ ገልብጡ።

የእንግሊዝኛ ፈተና ውድ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርታችን በእንግሊዝኛ ስለሆነ አንዳንድ ትምህርት ቤቶች «ትምህርቱ የተሰጠው በእንግሊዝኛ ነው» የሚል የሪጅስትራር ደብዳቤ ይቀበላሉ። ለፈተናው ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ጠይቁ። የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች አንዳንዶቹ ዲግሪውን በውጭ የግምገማ ድርጅት እንድታስመዝኑ ይጠይቃሉ፤ ለዚያ ትራንስክሪፕቱ ከዩኒቨርሲቲው በቀጥታ መላክ ስላለበት ተጨማሪ የታሸገ ቅጂ አብራችሁ አስወጡ።

የድጋፍ ደብዳቤ ለሚጽፉላችሁ መምህራን ሦስት ሳምንት ስጧቸው፤ ካርታችሁንም አብራችሁ ላኩ። የሚጽፉት ስለሚያውቁት ሥራ ይሆናል። ደብዳቤው ከግል ኢሜይል ይልቅ ከዩኒቨርሲቲው ኢሜይል ቢወጣ ይታመናል።

የዓላማ መግለጫው

«ከልጅነቴ ጀምሮ የከተማ ልማት ይማርከኝ ነበር» ብላችሁ አትጀምሩ። አንባቢው በቀን ስንቱን እንዲህ ያለ ያነባል። ከካርታችሁ ጀምሩ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «በምኖርበት ከተማ አንድ ወንዝ ዳር ባደረግሁት ልኬት ከ30 ሜትር ቀለበት ውጭ ያሉ ቤቶች ውሃ ሲገባባቸው፣ ከቀለበቱ ውስጥ ያሉት አንዳንዶቹ ደረቅ ሆነው አገኘሁ። ከፍታን ከርቀት ጋር አዋህዶ አደጋን መመዘን የምችልበትን ዘዴ ለመማር አመለክታለሁ።» ከዚያ የትኛው ኮርስ ይህን እንደሚያስተምር በስም ጥቀሱ፤ ያቃታችሁንም በግልጽ ተናገሩ። አንድ ገጽ ይበቃል።

ክፍያ

የአሜሪካው በክሬዲት ይሰላል፤ የክሬዲቱን ዋጋ በጠቅላላው ክሬዲት አባዙና የቴክኖሎጂና የምዝገባ ክፍያውን ጨምሩ። ማመልከቻ ክፍያ እንዲተዉላችሁ በአክብሮት ጠይቁ፤ ብዙዎች ይተዋሉ። የውጭ ምንዛሪ በባንክ ለመላክ የመቀበያ ደብዳቤና የክፍያ መጠየቂያ ይፈለጋል፤ ባንኩ ጋ የመጨረሻው ሳምንት ሳይደርስ ሂዱ። በክፍል በክፍል መክፈል ይቻል እንደሆነም አጣሩ።

ትምህርቱ ሲጀመር

ሰዓቱን አስቀድማችሁ ቁጠሩት። በአሜሪካ ምሥራቅ ዳርቻ ከምሽቱ 12 ሰዓት የሚጀምር ክፍል ለእኛ በክረምታቸው ከሌሊቱ 8 ሰዓት፣ በበጋቸው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ሥራ እየሠራ በሳምንት ሁለት ሌሊት እንዲህ የሚያድር ሰው ከሁለት ወር በላይ አይቆይም፤ ትምህርቱ በቀጥታ ሰዓት ነው ወይስ በተቀዳ ብላችሁ ጠይቁ ያልኩት ለዚህ ነው፤ የተቀዳውን ምረጡ። የአውስትራሊያ ሰዓት ይሻላል፤ የሲድኒ የምሽት ክፍል እዚህ ረፋድ ላይ ይውላል፣ ግን የሥራ ሰዓት ነው። የቤት ሥራ ማስረከቢያም እንዲሁ። እኩለ ሌሊት በኒውዮርክ ማለት ለእኛ ከጠዋቱ 1 ወይም 2 ሰዓት ነው፣ እኩለ ሌሊት በሲድኒ ግን ከቀኑ 10 ወይም 11 ሰዓት ነው፤ ቀኑ ገና አለ ብሎ የተዘናጋ ይዘጋበታል።

መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክም ይቋረጣል። ሰኞ ለሚረከብ ሥራ ዓርብ ማታ የመጀመሪያውን ረቂቅ ስቀሉ፤ ካሻሻላችሁት ትተኩታላችሁ። ዳታውን ሁሉ ወደ ላፕቶፕ አውርዳችሁ ያለ ኢንተርኔት ሥሩ፤ በሁለት ቦታ ቅጂ አስቀምጡ። በየሳምንቱ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ሰዓት ለአንድ ኮርስ መድቡ። መጀመሪያ አንድ ኮርስ ብቻ ውሰዱ፤ ሁለት ለመውሰድ ከመድፈራችሁ በፊት የመጀመሪያውን ሴሚስተር በቤታችሁ መብራት ፈትኑት።

የክፍሉ ምሳሌዎች ስለ ሌላ አገር ይሆናሉ። መምህሩን ቀድማችሁ «የጅማን መረጃ ልጠቀም?» ብላችሁ ጠይቁ። እስካሁን የማውቃቸው አብዛኞቹ ደስ ብሏቸው ይፈቅዳሉ። ስለ አውቶቡስ ፌርማታ የተሰጠን ሥራ ከመርካቶ እስከ ኪቶ ፉርዲሳ ባለው የባጃጅ መስመር፣ ስለ መናፈሻ ተደራሽነት የተሰጠውን በጅሬን ኮረብታና በአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አካባቢ ሥሩት።

የመጨረሻው ፕሮጀክት

በመጀመሪያ የሠራችሁትን የአዌቱ ካርታ አውጡት። አሁን የከፍታ ሞዴል፣ የተሻለ የቤት መረጃና የስህተት ልክ ትጨምሩበታላችሁ። የመጀመሪያውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን አስቀምጡ፤ የት እንደተሳሳታችሁና ለምን እንደሆነ ጻፉ። ገምጋሚዎች ከሚያምር ካርታ ይልቅ ይህን ያከብራሉ።

ሪፖርቱን ለትምህርት ቤቱ ከላካችሁ በኋላ አንድ የታተመ ኤ3 ለቀበሌው፣ አንድ ደግሞ ወንዙ ዳር ውሰዱ። እኔ ካርታውን ለእኚያ እናት ሳሳያቸው ቤታቸውን ፈልገው አላገኙትም፤ ካርታ ላይ ሰሜን ወደ ላይ መሆኑን ነግሬያቸው ወረቀቱን ወንዙ ወዳለበት አዞርኩት። ጣታቸውን በውሃው መስመር ላይ አስኬዱና አንድ ቦታ ላይ አቆሙ። «እዚህ ጋ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት እንጨት አለ» አሉ። በካርታዬ ላይ አልነበረም። ስልኬን አውጥቼ አብረን ወረድንና ነጥቡን ወሰድነው።